የስንዱ ጥያቄ የተሰረዘ ዕለት

በ2014 ዓ.ም. ነው። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ዓይኔ ደህና ነበር፤ እግሬም ከመንደሬ ከዘንገና እንጅባራ ከተማ ያለ ምርኩዝ ያደርሰኝ ነበር። የማይሠራልኝ ጆሮዬ ነበር። ደንቁሬ አይደለም። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አልወድም ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። ስሜን መጻፍ ስችል በቃኝ አልሁ። ያችን ያህል ግን እኮራባት ነበር። እኩዮቼ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያትሙ እኔ እስክሪብቶ ተቀብዬ «ጥሩነህ» ብዬ እጽፋለሁ። የመጨረሻዋን ፊደል እግር እንደ ፈረስ ጭራ እጠመዝዛታለሁ። ከፊርማው በላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አላየውም። ላንብብልዎ የሚል ቢመጣም «አውቀዋለሁ፤ የት ላይ ነው የምፈርመው?» ነበር መልሴ።

ይህን የምናገረውን የምትጽፍልኝ ምራቴ ስንዱ ናት። ቃሉን እንዳትነካ ነግሬያታለሁ።

ስንዱ የልጄ የአስማረ ሚስት ናት። አስማረ ታሞ ሞተ፤ ሁለት ሴት ልጆች ትቶ። እሷ የአዘና አገር ልጅ ናት፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ባሏ ሲሞት ወደ አገሯ ትገባለች ብለን ነበር፤ አልሄደችም። እኔንም ቤቱንም ያዘች። በልጄ አርባ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ «ከዘንገና ሐይቅ መንገድ ዳር ያለው ሁለት ቃዳ መሬት ከዛሬ ጀምሮ የስንዱ ነው» አልሁ። ግማሽ ሄክታር መሆኑ ነው። አስማረ በእጁ የተከለው ዲከረንስ አለበት፤ ለከሰል የምንተክለው ዛፍ ነው።

ተናገርሁ እንጂ ወረቀቱን አላስለወጥሁም። ዓመት አለፈ። የስንዱ ታላቅ ወንድም ከአዘና መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «አባባ፣ አይቆጡኝ። እርስዎ ነገ ቢያልፉ እህቴ ምን ይዛ ትከራከራለች? በአርባ ቀን የተነገረ ቃል ፍርድ ቤት አይቆምም። እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ድረስ መሬቱ በስሟ ካልገባ፣ ልጆቿን ይዛ ከእኔ ጋር ትሄዳለች» አለኝ። ተቆጣሁት። ማታ ግን ሳስበው እውነቱን ነው።

በማግሥቱ እንጅባራ ወርጄ መሬት ቢሮ ገባሁ። ወይዘሮ ብርቱካን የምትባል ሠራተኛ የስጦታውን ጉዳይ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችልኝ። «የስም ለውጥ ጥያቄዎ ገብቷል፣ አባባ። የሚሆነውን ሁሉ በስልክዎ መልእክት ይነግርዎታል» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ከታናሽ ወንድሜ ከደምሌ ጋር በድንበር ተጣልተን ነበር። የእሱ ማሳና የስንዱ መሬት ይዋሰናሉ። እኔ ገፋኸኝ ብዬ፣ እሱ ገፋኸኝ ብሎ፣ ሁለታችንም ቢሮው ክርክር አስገብተናል። ሽማግሌዎች ግቢዬ መጥተው አስታረቁን። ማልን፤ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ፈረምን። ደምሌ ከተማ የሚወርድበት ጉዳይ ስለነበረው ደብዳቤውን እሱ ይዞ ሄደ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ድንቼን መኮትኮት ቀጠልሁ።

የዓርቡ ቀጠሮ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸች። ስንዱ ቤት ነበረች። አላሳየኋትም። የመሬት ወረቀት ከሴት ጋር አይነበብም የምል ሰው ነበርሁ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ተጉዤ እንጅባራ ኑሩ ሱቅ ሄድሁ። ኑሩ ሚስማር፣ ገመድና የማረሻ ብረት የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ።

«ኑሩ፣ ይህችን አንብብልኝ።»

«ሰላምታ የለም? ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተህ መጣህ?»

«ገና አልተጣላሁም። አንብብ!»

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «‹በይዞታዎ ላይ ያቀረቡት የስጦታ ስም ለውጥ ጥያቄ ተሰርዟል› ይላል።»

«ምን?»

«ተሰርዟል።»

«ማን ነው የሰረዘው?»

«እሱን አይልም። ቆይ፣ ሌላም ሁለት መልእክት አለህ…»

ስልኬን ከእጁ ነጠቅሁት።

«አንተ ሰውዬ! ግማሹን ሰምተህ የት ትሮጣለህ? የቀረው ምሥራች ቢሆንስ!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። ምሥራች! በሞተ ልጄ አርባ ቀን የሰጠሁትን ቃል ፍቀው ምን ምሥራች አለ ብዬ ዞሬም አላየሁት።

ቢሮው ጋ ስደርስ ወረፋው በር አልፎ ወጥቷል። ወረፋውን ትቼ ገባሁ። ሰው አጉረመረመ። ወይዘሮ ብርቱካን ጥቁር የሆነ ኮምፒውተር ፊት እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ማን ነው የሰረዘኝ?»

«አባባ፣ ሲስተም የለም። ከሰዓት በኋላ ይመለሱ።»

«ሲሰርዘኝ ነበረ፣ ስጠይቀው የለም?»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ስትል ፊቴን አየችና ተወችው። «እውነቴን ነው። ሳላይ ብነግርዎት ልሳሳት እችላለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ይምጡ።»

ወጣሁ። መቆም አልቻልሁም። መሬቱም አብሮ ተሰርዞ ይሆን? የእኔ ስምስ አለ? የልጄን ዛፍ በማን ስም አስገብተውት ይሆን? ከቢሮው በር እስከ አስፋልቱ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሜ ሄድሁ። አንድ ባጃጅ «አባባ፣ ይግቡ» ሲለኝ ያ ባጃጅ ነገሩን አስታወሰኝ። ደምሌ ደብዳቤውን ይዞ የሄደው በባጃጅ ነው። ብቻውን። እኔ ሳልኖር። እዚያ ገብቶ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ድንበሩን በእርቅ ተወልኝና መሬቱን ከሥር ቆረጠው አልሁ። አንዴ እንዲህ ካልሁ በኋላ ሌላ ነገር ወደ ልቤ አልገባም።

ደምሌን የት እንደማገኘው አውቃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ በዘንገና መንገድ ዳር ከሰሉን በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቶ መኪና ይጠብቃል። በእግሬ ተመለስሁ፤ ግማሹን ሮጥሁት ብል አልዋሸሁም። አገኘሁት። ሰባት ስምንት ሰው አብሮት ጆንያ ይሰፋል።

«አያ! ምነው፣ ሰላም አይደለህም?» ብሎ ብድግ አለ። እጁ ከሰል ብቻ ነው።

«ስንዱን ሰረዝሃት!»

«ምን?»

«ደብዳቤውን ይዘህ ሄደህ የልጄን ሚስት ሰረዝሃት። አፈሩ ሳይደርቅ!»

«አያ፣ እኔ ደብዳቤውን ለሴትዮዋ ሰጥቼ ወጣሁ። ሌላ ቃል አልተናገርሁም። ምን ይላል መልእክቱ? እስኪ አሰማኝ።»

«ከኑሩ ሰምቻለሁ!»

«ሁሉንም?»

ይህችን ጥያቄ ያኔ ብሰማት ኖሮ። አልሰማኋትም። ስቆጣ አማርኛው ይጠፋኛል፤ በአገራችን ቋንቋ በአውንጅኛ ያልሁትን እዚህ አላስጽፈውም። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም እንዲሰማኝ በአማርኛ ጮኼ «ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም!» አልሁት።

ጆንያ የሚሰፉት ሰዎች እጃቸው ቆመ። በእኛ አገር ይህ ለወንድም የሚነገር ቃል አይደለም። ለጠላትም አይነገርም። ደምሌ ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዱላዬንም አጥብቄ ይዣለሁ። «እሺ፣ አያ» ብቻ አለና ተቀምጦ መርፌውን አነሣ። ከሰል በነካው እጁ ዓይኑን ሲጠርግ ጉንጩ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። ያችን መስመር እያየሁ ዞሬ ሄድሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቢሮው ነበርሁ። ምሳ አልበላሁም። ሲስተሙ ተመልሷል። ወይዘሮ ብርቱካን የመሬት ደብተሬን ቁጥር መታችና የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረችው።

«ይኸውልዎ ይዞታዎ። ስምዎ ይታይዎታል?»

ፊደሏን አንድ በአንድ ለቀምኋት። ጥ። ሩ። ነ። ህ። አለች።

«ተሰርዟል አላላችሁኝም?»

«ጥያቄው ነው የተሰረዘው፣ አባባ። ‹ይለወጥልኝ› ብለው ያስገቡት። ጥያቄ ሲሰረዝ መሬቱ ከጥያቄው በፊት እንደነበረው ይቆማል። አንድ ስንዝር አልተነካም። የእርስዎ ነው።»

«የእኔ እንዲሆን አይደለም የመጣሁት። የስንዱ እንዲሆን ነው! የሰረዘውን ሰው ስም ንገሪኝ።»

«እሱም አለ።»

«የተሰረዘ ነገር እንዴት ይኖራል?»

«ሲስተሙ ሲሰርዝ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጠርጎ አያጠፋም» አለች። «አባቴ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል አክሳይ ነው። ዲከረንሱ ሲቆረጥ ጉቶው ይቀር የለ?»

«ይቀራል።»

«ይህም ጉቶው ይቀራል። ምን እንደተጠየቀ፣ መቼ እንደተሰረዘ፣ ማን እንዳሰረዘው፣ በምን ደብዳቤ። ሁሉም ከሥር አለ።» አንድ ቦታ ላይ ጫን አለች። «‹ምክንያት፦ በአመልካቹ ፈቃድ› ይላል።»

«አመልካቹ ማን ነው?»

ደግማ ጫን አለች፤ የደብዳቤው ሥዕል ወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ፊርማውን ነው። ጭራዋ የተጠመዘዘችውን ፊደል ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ። «‹እኛ ወንድማማቾች በሽማግሌ ታርቀናል። በይዞታችን ላይ እስከ ዛሬ ያቀረብናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይሰረዙልን።› ሁሉ ይላል፣ አባባ። ሦስት ነበሩ። የእርስዎ የድንበር ክርክር፣ የአቶ ደምሌ የድንበር ክርክር፣ የስጦታው ጥያቄ። ሦስቱም ተሰረዙ። ሦስት መልእክት አልደረስዎትም?»

ሦስት መልእክት። ኑሩ «ሌላም ሁለት አለህ» ያለኝ። አንዱ የራሴ ክርክር መነሣቱን፣ አንዱ ወንድሜ በእኔ ላይ የነበረውን ክርክር መጣሉን የሚናገር ነበር። ምሥራቹ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ይዤው ሄጄ ነው ወንድሜን የሰደብሁት።

ያ የእርቅ ቀን ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ጋሸ ጥሩነህ፣ የድንበሩ ክርክር ይነሣ ብዬ ልጻፍ?» ሲለኝ «ሁሉ በል! እርቅ ጭራ አይተውም!» ያልሁት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ የታረቁ ሰዎች በመካከላቸው አንድም ወረቀት አያስቀሩም። አንድ ከቀረ ጠቡ ተኝቷል እንጂ አልሞተም ይባላል። ሽማግሌዎቹም «ደግ አለ» አሉ። የስንዱ ወረቀት እዚያው ቢሮ፣ እዚያው መሬት ላይ እንዳለ ማናችንም አላሰብንም። አንድ ሰው ብቻ አስቦ ነበር። ስንዱ ለሽማግሌዎቹ ጠላ ይዛ መጥታ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ አንብቤልዎት ይፈርሙ?» ብላኛለች። «ጠላውን አስቀምጪና ግቢ» አልኋት።

«እንግዲያው እኔው አሰረዝሁ፣ እኔው መልሱልኝ አልሁ» አልኋት ሠራተኛዋን። «አንሺልኝ።»

«የተሰረዘ ጥያቄ አይነሣም።»

«እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም?»

ፈገግ አለች። «አያቆጠቁጥም። እንደ ዲከረንስ ነው፤ ከቆረጡት አዲስ ችግኝ ነው የሚተክሉት። አዲስ ጥያቄ እንከፍታለን። ነገር ግን ክርክር የነበረበት ድንበር ስለሆነ አሁን አዋሳኝዎ መጥቶ ‹ተቃውሞ የለኝም› ብሎ መፈረም አለበት።»

«አዋሳኜ ማን ነው?» አልሁ፤ የማላውቅ ይመስል።

«አቶ ደምሌ።»

ወንበሩን ሳበችልኝና ተቀመጥሁ። ቅጹን ሞላችና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

እስክሪብቶውን ያዝሁ። ልማድ ነውና እጄ ወረቀቱ ላይ ሄደ። ከዚያ መለስሁላት። «ቤት የምታነብልኝ አለች። ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ» አልሁ።

ቤት ስደርስ ስንዱ የልጆቿን ልብስ አጥፋ ከረጢት ውስጥ እየከተተች ነበር። ወንድሟ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋት። ስነግራት አላቋረጠችኝም።

«ያን ቀን ላንብብልዎት ብዬ ነበር» አለች።

«ብለሽኝ ነበር።»

«ጠላውን አስቀምጪ አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

አንዲት ቀሚስ እጇ ላይ ይዛ ቆየች። «ጋሸ ደምሌ ይፈርሙ ይሆን?»

«ቀብሬ ላይ እንዳትቆም ብየዋለሁ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀሚሷን ከረጢቱ ውስጥ አልከተተቻትም፤ መልሳም አልሰቀለቻትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተወቻት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁምና ምክር አላበዛም። አሁን ሁሉም ነገር በስልክ እየመጣ ነው፤ ገብቷል፣ ጸድቋል፣ ተሰርዟል ይላችኋል። «ተሰርዟል» የሚል ቃል ስታዩ ልባችሁ እንደ እኔ አይሩጥ። ምኑ ነው የተሰረዘው በሉ። ጥያቄው ነው ወይስ ንብረቱ? ማን አሰረዘው? በምን ምክንያት? እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ጠይቁና አስነብቡ። እኔ ሌባ ፍለጋ ወጥቼ ያገኘሁት የራሴን ፊርማ ነው። ሰው ስታሙ፣ ወንድም ስትሰድቡ፣ ያ ማሽን የሚያደርገውን እንኳ አላደረጋችሁም፤ እሱ ማስረጃ ደብዳቤ ሳይዝ አይናገርም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአፍ ቃልም ይሰረዛል፤ ይቅር በለኝ ሲባል ይሰረዛል። ጉቶው ግን ይቀራል። እኔ ዛሬም ያችን የከሰል መስመር ወንድሜ ጉንጭ ላይ አያታለሁ፤ ታጥባ ከጠፋች ስንት ጊዜዋ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ፣ ሴትም ትሁን ልጅ፣ አታሳፍሩት። እኔ አንድ ሰዓት ከግማሽ እየተጓዝሁ ኑሩን ሳስነብብ የኖርሁት፣ የምታነብ ሰው ምድጃዬ ዳር እያለች ነው።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ድንጋይ ፈለግሁ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተበደለው ደጃፍ ይሄዳል፤ አውርድ እስኪባል አያወርድም። ድንበሩ ላይ ጥሩ ጥሩ ድንጋይ ነበር፤ አልነካሁትም። ደግሞ ድንበር ነቀለ እንዳልባል። ከጓሮዬ አንድ ደህና ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ስንዱ ወረቀቱን ይዛ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ለሰባ አንድ ዓመት ሰው ከባድ ነበር። ከጎረቤት የሚያዩኝ ነበሩ፤ ይዩ ብዬ ሄድሁ።

ደምሌ ደጃፉ ላይ ላም ሊያወጣ ነበር። አየኝ። ላሟን ለቀቃት።

«አያ፣ ያ ድንጋይ ከየት ነው? ከድንበሩ እንዳይሆን።»

«ከጓሮዬ ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«የስንዱ ነው። ያንተን ፊርማ ይፈልጋል።»

«ምን ይላል?»

ትናንት ቢሆን «አውቀዋለሁ፣ ዝም ብለህ ፈርም» እለው ነበር። «አላውቅም» አልሁት። «ታንብበውና ሁለታችንም እንስማ።»

«እንግዲያው ድንጋዩን አውርድ።»

«ካነበበች በኋላ።»

ስንዱ ወረቀቱን ዘረጋች። «ከላይ ጀምሪ፤ አንዲት ፊደል እንዳትዘይ» አልኋት። አነበበች። የእኔ ስም፣ የእሷ ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ በሰሜን ማን፣ በደቡብ ማን። ትከሻዬ ሊነቀል ደረሰ፤ አላቋረጥኋትም። ስትጨርስ ደምሌ ጠጋ አላት።

«እንደገና አንብቢው» አላት።

እንደገና ከላይ ጀመረች። የራሱ ስም ያለበት ላይ ስትደርስ ወደ እኔ መጣና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻዬ አወረደው።

«ቀብርህ ላይ እቆማለሁ» አለኝ። «አንተ ሞተህ፣ ማን ሊከለክለኝ ነው?»

ድንጋዩን አጥሩ ሥር አስቀመጠና ጋቢውን ከበሩ ላይ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«በል ፈጠን በል፣ አያ። ሲስተም ሳይጠፋ እንድረስ።»